ድንበር የሚከበረው በውሳኔ ነው

በአሜሪካ ኮንግረስ ስለ ኢሚግሬሽን ረቂቅ ሕግ በቀረበ ቁጥር ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው «መጀመሪያ ድንበሩ ይጠበቅ፣ የቀረው በኋላ ይደርሳል» የሚለው ነው። ሪፐብሊካኖች ለረጅም ዘመን ሲያራምዱት ቆይተዋል፤ ዴሞክራቶችም ምርጫ በቀረበ ቁጥር ወደዚያው ሲሳቡ ታይተዋል። ሐሳቡ በፖለቲከኞቹ ዘንድ ብቻ የሚቀር አይደለም። ዲቪ ደርሷቸው ወይም ቤተሰብ ጠርቷቸው ከመጡ ወገኖቻችን መካከልም «እኛ በሥርዓት ገባን፤ ሌላውም በሥርዓት ይግባ፤ እስከዚያው ድንበሩ ይዘጋ» የሚሉ ጥቂት አይደሉም። ስሜቱ ይገባኛል። አንድ አገር ማን እንደሚገባ የመወሰን መብት አለው፤ ይህን መብት የሚክድ ክርክር ገና ሳይጀመር የተሸነፈ ነው። ነገር ግን መወሰን ከማገድ የሰፋ ሥራ ነው። ለመጣው ሰው በታወቀ ጊዜ ውስጥ «ግባ» ወይም «ተመለስ» የሚል፣ ቃሉም የሚጸና አካል ከሌለ የድንበር ጠባቂው የያዘውን ሰው ለማን ያስረክባል? የአሜሪካ ሕግ አውጪዎች ከሠላሳ ዓመት በላይ በጠባቂው ላይ ገንዘብ ሲያፈሱ ወሳኙን አራቁተዋል። ሥርዓቱን ያናጋው ይህ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማስረጃውን ከሩቅ መጀመር ይጠቅማል፤ አገሩን ይህ ፈተና አንድ ጊዜ ገጥሞት ያውቃልና። በ1942፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ አሜሪካና ሜክሲኮ የእርሻ ሠራተኞች በውል ገብተው የሚሠሩበትን «ብራሴሮ» የተባለ ስምምነት ተፈራረሙ። ለብዙ ዓመታት በውል የሚገባው ሠራተኛ ከእርሻው ፍላጎት ያነሰ ስለነበር ያለ ወረቀት የሚሻገረው በዛ፤ በ1954 የተያዙት ከ1 ሚሊዮን አለፉ። በዚያው ዓመት መንግሥት ከፍተኛ የአፈሳ ዘመቻ አካሄደ። ዛሬ የጅምላ ማባረርን የሚደግፉ ሰዎች ይህን ዘመቻ በምሳሌነት ያነሳሉ፤ የታሪኩን ሌላ ግማሽ ግን ይዘሉታል። በዚያው ሰሞን መንግሥት የሥራ ውሉን አሰፋው፤ በ1956 ብቻ በብራሴሮ የገቡት ከ440 ሺህ በላይ ነበሩ። በዚሁ በ1956 ያለ ወረቀት የተያዙት ከ100 ሺህ በታች ወረዱ። አፈሳው የወራት ጉዳይ ነበር፤ ቁጥሩ ግን ውሉ እስካለ ድረስ ዝቅ ብሎ ቆየ። በውል መግባት የሚችል ሰው በሌሊት ሪዮ ግራንዴን የሚሻገርበት ምክንያት አልነበረውም።

ብራሴሮ እንከን አልነበረውም ማለቴ አይደለም። ሠራተኞቹ በአሠሪዎቻቸው ተበድለዋል፤ ከደመወዛቸው ተቀንሶ በቁጠባ ስም የተያዘው ገንዘብ ለብዙዎቹ ሳይመለስ ቀርቷል። ኮንግረስ ስምምነቱ በ1964 እንዲያበቃ ማድረጉም በዚህ የተነሳ ከክቡር ሐሳብ የመጣ ነበር። ጥፋቱ በደሉን አርሞ ሕጋዊውን መንገድ ከማስቀጠል ይልቅ መንገዱን ከነጭራሹ መዝጋቱ ነው። በ1965 የወጣው ሕግ ከ1968 ጀምሮ ለመላው የአሜሪካ አህጉራት በዓመት 120 ሺህ ቪዛ ወሰነ፤ በ1976 ደግሞ ለአንድ አገር 20 ሺህ የሚል ጣሪያ ተጨመረ፤ ሜክሲኮም በዚያው ጣሪያ ሥር ገባች። በካሊፎርኒያና በቴክሳስ እርሻዎች የሚፈለገው እጅ ግን በሕጉ ቁጥር ልክ አልቀነሰም። በ1977 የተያዙት ሰዎች ቁጥር ተመልሶ ከ1 ሚሊዮን አለፈ። ድንበሩ ያው ድንበር፣ ሕዝቡ ያው ሕዝብ፣ ሥራውም ያው ሥራ ነበር። ትናንት በውል ይመጣ የነበረውን ሠራተኛ ዛሬ ሕገወጥ ያደረገው የሕጉ መለወጥ ነው።

በ1990ዎቹ የመጣው ምላሽ ጠባቂ ማብዛት ሆነ። በ1993 በኤል ፓሶ፣ በ1994 በሳን ዲዬጎ የድንበር ጥበቃው በከተሞቹ ዙሪያ ተደረደረ። ዕቅዱ በጽሑፍ የተቀመጠ ነበር፤ መንገደኛው ወደ ተራራውና ወደ በረሃው ሲገፋ ተስፋ ይቆርጣል የሚል። በ1993 ወደ 4 ሺህ ገደማ የነበረው የጥበቃ ኃይል በ2011 ከ21 ሺህ በላይ ደረሰ። ዕቅዱ ቢሠራ ኖሮ ሰነድ አልባው ሕዝብ በቀነሰ ነበር። የፒው የምርምር ማዕከል ግምት ግን በ1990 3.5 ሚሊዮን የነበረው በ2007 12.2 ሚሊዮን መድረሱን ያሳያል። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው ዳግላስ ማሲ ከባልደረቦቹ ጋር በሜክሲኮ መንደሮች ለአሥርት ዓመታት ባካሄደው ጥናት ምክንያቱን አስረድቷል። ቀድሞ ሠራተኛው ለአዝመራ መጥቶ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። መሻገሩ ውድና አደገኛ ሲሆን መምጣቱን አልተወም፤ የተወው መመለሱን ነው። ለደላላ ከፍሎ በረሃ ያቋረጠ ሰው ያንን መንገድ ደግሞ ላለማየት እዚያው ተቀመጠ፤ ሚስቱንና ልጆቹንም አስመጣ። የ1996ቱ ሕግ ይህን አባባሰው። ከ180 ቀን በላይ ያለ ፈቃድ ቆይቶ የወጣ ለ3 ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ለ10 ዓመት እንዳይመለስ ከለከለ። ሊወጣ ላሰበ ሰው ከዚህ የበለጠ «አትውጣ» የሚል ምክር ሊኖር አይችልም። ከ1998 እስከ 2019 የድንበር ጥበቃው ራሱ የመዘገበው የሟቾች ቁጥር ደግሞ ከ7 ሺህ በላይ ነው፤ አስከሬናቸው ያልተገኘ ሰዎች በዚህ ውስጥ የሉም።

«ያ የሠራተኛ ስደት ነው፤ ያለፉት ዓመታት መጤ ግን ጥገኝነት ጠያቂ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ይህ ግን ክርክሬን ያጠናክረዋል። ጥገኝነት ጠያቂ ከጠባቂ አይሸሽም፤ ሄዶ እጁን ይሰጣል። በደርግ ዘመን ከሱዳን የመጠለያ ጣቢያዎች የተነሱ ብዙ ኢትዮጵያውያን የገቡበት የ1980ው የስደተኞች ሕግ፣ በአሜሪካ ምድር ለቆመ ሰው ጥገኝነት የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። እንዲህ ያለውን ሰው በተመለከተ ጠባቂ በእጥፍ ቢጨምር የሚጨምረው መዝጋቢ ነው። ጉዳዩ ከዚያ ወደ ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ እዚያም ይተኛል። በ2023 መጨረሻ የተከማቸው መዝገብ ከ3 ሚሊዮን አልፎ ነበር፤ ዳኞቹ 700 ገደማ ነበሩ። ለአንድ ዳኛ ከ4 ሺህ በላይ መዝገብ ማለት ነው። የነገሩን መልክ ለማየት መጥሪያውን ወረቀት መመልከት ይበቃል። ሕጉ መጥሪያው ላይ የችሎቱ ቀንና ሰዓት ይጻፍ ይላል። በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፔሬራ የተባለ ስደተኛን መዝገብ በመረመረ ጊዜ መንግሥት ያመነው ግን ከዚያ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት ከሰጣቸው መጥሪያዎች ወደ መቶ በመቶ የሚጠጉት ቀንም ሰዓትም እንዳልነበራቸው ነው፤ ቦታው ላይ የነበረው «ወደፊት የሚወሰን» የሚል ቃል ነበር። ድሮንና የሙቀት ካሜራ የታጠቀ መንግሥት ለያዘው ሰው የሚሰጠው የቀጠሮ ወረቀት ቀጠሮ አልነበረበትም።

ይህ መዘግየት ማንን እንደሚጠቅምና ማንን እንደሚጎዳ ማየት ያስፈልጋል። ማመልከቻው 180 ቀን ያለ ውሳኔ የቆየ ሰው የሥራ ፈቃድ ያገኛል። ጥያቄው ደካማ የሆነ ሰው እንግዲህ ውድቅ የሚሆንበት ቀን እየራቀለት ለዓመታት ሠርቶ ይኖራል። እስር ቤት ያየው፣ የተገረፈው፣ መመለስ የማይችለው ሰው ግን ጥገኝነቱ እስኪጸድቅለት ድረስ ሚስቱንና ልጆቹን ማስመጣት አይችልም። እርሱ ሲጠብቅ ልጆቹ ያለ አባት ያድጋሉ፣ ምስክሮቹ ይበተናሉ፣ ማስረጃው ያረጃል። በቪዛ ገብተው በአርሊንግተን የጥገኝነት ቢሮ ያመለከቱ ብዙ ወገኖቻችን ይህን በሕይወታቸው ያውቁታል። ከ2018 ጀምሮ ቢሮዎቹ አዲስ የገባውን ማመልከቻ አስቀድመው ማየት በመጀመራቸው ቀድሞ ያመለከተው ከኋላ ቀርቷል። አበው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታስቆጨኛለች» ያሉት እንዲህ ላለው ነው። ሰው ተሰምቶ ቢፈረድበት ይቀበላል፤ ሳይሰማ ዕድሜው ሲያልቅ ግን አይቀበልም። አገሩም በበኩሉ ሊያስወጣው የሚገባውን ሰው ሳያስወጣ፣ ሊያቅፈው የሚገባውንም ሳያቅፍ ይኖራል።

መድኃኒቱም የማይታወቅ አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የጥገኝነት ማመልከቻ በገፍ ይገባ ነበር፤ ብዙው ደካማ ጥያቄ ሲሆን የሚፈለገው የሥራ ፈቃዱ ነበር። በ1995 የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ሁለት ነገር በአንድነት አደረገ። የሥራ ፈቃዱን 180 ቀን አዘገየው፤ የጥገኝነት መርማሪዎቹን ቁጥር ደግሞ በእጥፍ ገደማ አሳድጎ፣ ዳኞችም ተጨምረው፣ አዲስ የሚገባው ጉዳይ በዚያው በ180 ቀን ውስጥ እንዲያልቅ ሠራ። ደካማው ጥያቄ ቶሎ ውድቅ እንደሚሆን ሲታወቅ ጠያቂው ቀነሰ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አዲሱ ማመልከቻ ከግማሽ በላይ ወረደ፤ እውነተኛው ስደተኛም በወራት ውስጥ ውሳኔ ያገኝ ጀመር። ለዚህ ግንብ መገንባት አላስፈለገም፤ መብትም አልተሻረም። ማሻሻያው በኋላ የተዳከመው የመዝገቡ ብዛት ሲያድግ የመርማሪውና የዳኛው ቁጥር አብሮ ባለማደጉ ነው። ይህ ተሞክሮ በመንግሥት መዝገብ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ የኮንግረስ ክርክር በግንብ ርዝመት ላይ መክረሙ ያሳዝናል።

በዚህ ዐይን የቅርብ ዓመታቱን ሁለት ታላላቅ የሕግ ረቂቆች እንመዝናቸው። በየካቲት 2024 በሴኔት የቀረበው የላንክፎርድ፣ መርፊና ሲኔማ ረቂቅ ወደ 20 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የድንበር በጀት ይዞ ነበር። ከ4 ሺህ በላይ አዲስ የጥገኝነት መርማሪ እንዲቀጠርና በአምስት ዓመት ውስጥ 250 ሺህ ተጨማሪ ቪዛ እንዲሰጥ የሚለው ክፍል አገሩ ለሠላሳ ዓመት የጎደለው ነገር ነበር። አንድም ቀን ግን የክርክሩ ማዕከል አልሆነም። አገር ሁሉ የተከራከረው በቀን በአማካይ 5 ሺህ ሰው ሲመጣ ድንበሩ ይዘጋ በሚለው ቁጥር ላይ ነበር፤ አንዱ ወገን በዛ፣ ሌላው ወገን ጨከነ አለ። ረቂቁም በ49 ለ50 ድምፅ ወደቀ። ቀጥሎ በሐምሌ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ለግንብ ወደ 46.5 ቢሊዮን፣ ለማቆያ እስር ቤቶች 45 ቢሊዮን፣ አይስ ለተባለው የኢሚግሬሽንና ጉምሩክ አስከባሪ መሥሪያ ቤት ደግሞ ወደ 30 ቢሊዮን ዶላር መደበ። ይኸው ሕግ ከኅዳር 2028 ጀምሮ የኢሚግሬሽን ዳኞች ቁጥር ከ800 እንዳይበልጥ ጣሪያ አስቀመጠ። መያዣው ያለ ልክ ሲሰፋ መወሰኛው በአዋጅ ተገደበ። ሚሊዮን መዝገብ የሚጠብቀውን ዳኛ ቁጥር በሕግ መገደብ ሰዎች ያለ ውሳኔ እንዲታሰሩ መፍቀድ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ይህ ነው፦ በ2025 የበጀት ዓመት በደቡቡ ድንበር የተያዙት ከ1970 ወዲህ ዝቅተኛው ቁጥር ሆነዋል፤ ስለዚህ ማጥበቁ ሠርቷል። ጥገኝነትን ድንበር ላይ መዝጋት መጪውን እንደሚቀንስ አልክድም። ነገር ግን ቅነሳው ቀደም ብሎ የጀመረ ነው። በታኅሣሥ 2023 250 ሺህ ገደማ የነበረው የወር ቁጥር በታኅሣሥ 2024 ከ50 ሺህ በታች ወርዶ ነበር። ለዚህ የሜክሲኮ ቁጥጥርና በሰኔ 2024 የወጣው የጥገኝነት ገደብ ድርሻ አላቸው፤ በቀን 1,450 ሰው በሲቢፒ ዋን መተግበሪያ ቀጠሮ ይዞ በሕጋዊው ኬላ ይገባበት የነበረው መንገድም እንዲሁ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን «መጀመሪያ ድንበሩ» የሚለው ሐሳብ ቃል ኪዳን ነበረው፤ ድንበሩ ጸጥ ሲል የቀረውን እንሠራለን የሚል። በ2011 የተያዙት ከአርባ ዓመት ወዲህ ዝቅተኛ ሆነው ነበር። በ2013 ሴኔቱ 20 ሺህ ተጨማሪ ጠባቂ ያካተተ አጠቃላይ ሕግ በ68 ለ32 ቢያጸድቅም የተወካዮች ምክር ቤት «ድንበሩ ገና ነው» ብሎ ለድምፅ እንኳ አላቀረበውም። ዛሬ ድንበሩ እንደገና ጸጥ ብሏል፤ «የቀረው» ግን የዳኛ ጣሪያ ሆኖ መጣ። ሁለት ጊዜ ተሟልቶ ሁለት ጊዜ ያልተከበረ ቅድመ ሁኔታ ቅድመ ሁኔታ መባሉ ይቅር።

ሌላው ተቃውሞ ሕጋዊ መንገድ ሲከፈት የአገሬው ሠራተኛ ደመወዝ ይወድቃል የሚል ነው። ይህ በድሃ ሠራተኛ ስም የሚነሳ ስለሆነ በቁም ነገር ሊመለስ ይገባዋል። ብራሴሮን ካዘጉት ክርክሮች አንዱ ይኸው ነበርና ውጤቱን መመርመር ይቻላል። የምጣኔ ሀብት ባለሙያው ማይክል ክሌመንስና ሁለት ባልደረቦቹ በ2018 ባሳተሙት ጥናት ብዙ የብራሴሮ ሠራተኛ የነበራቸውንና ያልነበራቸውን ግዛቶች አወዳድረው፣ ከመዘጋቱ በኋላ የአገሬው የእርሻ ሠራተኛ ደመወዝ በዚያ ምክንያት ከፍ እንዳላለ አገኙ። አሠሪዎች በቻሉበት ማሽን ገዙ፤ የካሊፎርኒያ የቲማቲም እርሻዎች በጥቂት ዓመታት ወደ መልቀሚያ ማሽን መዞራቸው የታወቀው ምሳሌ ነው። ደመወዝን የሚያወርደው መክሰስ የማይችል ሠራተኛ ነው። አሠሪው ሳይከፍለው ቢያባርረው ፖሊስ መጥራት የሚፈራ ሰው ጎን ለጎኑ የሚሠራውን ዜጋ ጉልበትም ያረክሳል። ይህን የሚያስተካክለው ደግሞ ወረቀት ነው።

«እንግዲያው ምሕረት ልትሉ ነው፤ በ1986 ተሞክሮ አልሆነም» የሚሉም ትክክል የሆነ ነገር ይዘዋል። በሬገን የተፈረመው ሕግ ወደ 2.7 ሚሊዮን ሰው ሕጋዊ አድርጎ ለቀጣዩ ሠራተኛ ግን መግቢያ አላበጀም፤ አሠሪን እቀጣለሁ ብሎም በሐሰተኛ ወረቀት እንዲታለል ተወው። አንዴ ጠርጎ መልሶ መዝጋት መፍትሔ እንደማይሆን ያ አሳይቷል። ለረጅም ጊዜ የኖረን ሰው ጉዳይ የሚዘጋ መሣሪያ ግን በሕጉ ውስጥ አስቀድሞ አለ። ከ1929 ጀምሮ ያለው የምዝገባ ድንጋጌ ከተወሰነ ቀን በፊት ገብቶ በመልካም ጠባይ የኖረ ሰው ለመኖሪያ ፈቃድ እንዲያመለክት ይፈቅዳል። በሕጋችን ይርጋ የምንለው ዓይነት ነው። ኮንግረስ ይህን ቀን በየጊዜው ወደፊት ሲያመጣው ኖሮ በ1986 በጥር 1 ቀን 1972 ላይ አቆመው፤ ከዚያ ወዲህ አልነካውም። ዛሬ በዚህ ድንጋጌ ለመጠቀም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ መኖር ይጠይቃል። ቀኑ ከዓመታት ጋር አብሮ እንዲሄድ ቢደረግ አሥርና ሃያ ዓመት ግብር ከፍሎ፣ ልጅ አሳድጎ የኖረ ሰው ጉዳይ በፖለቲካ ወቅት ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ይቀራል።

በመጨረሻ ከመብት ተሟጋቾች በኩል የሚመጣ ስጋት አለ፤ ፈጣን ፍርድ የግብር ይውጣ ፍርድ ይሆናል የሚል። ስጋቱ ተገቢ ነው። በኢሚግሬሽን ችሎት መንግሥት በጠበቃ ይቆማል፤ ስደተኛው ግን በራሱ ገንዘብ ካልቀጠረ ጠበቃ የለውም፤ ሕፃን ልጅ እንኳ ብቻውን ዳኛ ፊት ሊቀርብ ይችላል። ከ2007 እስከ 2012 ውሳኔ ያገኙ ጉዳዮችን የመረመረ ጥናት በማቆያ ከነበሩት መካከል ጠበቃ ያገኙት 14 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ያለ ጠበቃና ያለ አስተርጓሚ የሚሮጥ ችሎት ይግባኝ ያበዛል እንጂ መዝገብ አይዘጋም። ጠበቃ ያለው ሰው ግን በቀጠሮው ይገኛል፤ መከራከሪያው ምን እንደሆነ ያውቃል፤ መከራከሪያ የሌለውም ቀድሞ ይነገረዋል። የጠበቃ ወጪ ሰውን ለወራት ከማሰር ወጪ ጋር ሲነጻጸር መንግሥት የሚከስርበት አይደለም።

ከእንግዲህ ወዲህ ለሚቀርብ ማንኛውም የድንበር ረቂቅ፣ ከየትኛውም ፓርቲ ይምጣ፣ መራጩ ሊያቀርብ የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ሕግ ሲወጣ አንድ ሰው ከተያዘበት ወይም ካመለከተበት ቀን አንስቶ የመጨረሻ ውሳኔ እስኪያገኝ ስንት ቀን ይፈጃል? መልሱ ውስጥ የዳኛና የመርማሪ ቁጥር፣ የጠበቃ በጀት፣ ለሠራተኛው የተበጀ የቪዛ መንገድ፣ ለቆየውም ነዋሪ የይርጋ ቀን ከሌሉበት ረቂቁ ድንበር አያስከብርም፤ እስረኛና ሰነድ አልባ ያበዛል። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምርጫ ካርድ የያዝን ወገኖች ይህን ጥያቄ ለተወካዮቻችን በግልጽ ልናቀርብ ይገባናል። ዲቪ ደርሶት የገባውም ቢሆን የገባው ሕጋዊ መንገድ ስለነበረ ነው፤ ስሙ ተመዝግቦ፣ ቀን ተቆርጦለት፣ ቆንስላው ውሳኔ ስለሰጠው ነው። ለራሱ የተደረገለትን ይህን ሥርዓት ለሌላው መጠየቅ ለድንበሩ መከበር ከማንም በላይ መቆም ነው።